ሌባሻይ በማዕድ ቤቴ

ነገሩ የተጀመረው በዳቦ ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ዘንድ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ፣ ሰንብታ ነበር። በዚያው ሰሞን የአባቴ ሙት ዓመት ደረሰ። «ለአባትህ ዝክር የሱቅ ዳቦ አላስቆርስም» አለችና ከዋዜማው ጀምራ ሊጥ አቦካች። ኮባ ስላጣን ወደ እስያውያን ገበያ ሄደን በበረዶ የተቀመጠ የሙዝ ቅጠል ገዛን። እሷም ቅጠሉን ወዲያና ወዲህ እያገላበጠች አየችውና «ይሁን፣ ከኮባው ጋር ዘመድ ነው» አለች። ድፎው ተጠቅልሎ ኦቨን ከምንለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ገባ። ቅርፊቱ እንዳይደርቅባት በማለትም ከሥሩ ውሃ የያዘ ትሪ አስቀመጠች።

ሃያ ደቂቃ ያህል እንደቆየ ምድጃው ጮኸ። በፊቱ ሰሌዳ ላይ ይቆጥር የነበረው ሰዓት ጠፋና በምትኩ አንድ የፈረንጅ ፊደልና አንድ ቁጥር ብልጭ ድርግም ይሉ ጀመር፤ «ኤፍ 3»። እሳቱም ጠፋ። ብናጠፋው፣ ብናበራው፣ ምልክቱ ተመልሶ ይመጣል። ድፎው ላዩ ዳቦ ውስጡ ሊጥ እንደሆነ ቀረ።

አሁን የምጽፈውን የምጽፈው አፍሬ ነው። ዘወር ብዬ «እማዬ፣ ውሃ ያስገባሽበት አንቺ ነሽ እኮ! ይኼ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው፣ የሸክላ ምጣድ አይደለም» አልኳት። እናቴ አልተከራከረችኝም። «እኔ ምኑን አውቄው ልጄ» አለችና እጇን ጠርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ክፍሏ ገባች። የአባቴ ዝክር በሱቅ ዳቦ ተዘከረ።

አንባቢ ሆይ፣ በጥንት ዘመን በአገራችን ሌባሻይ የሚባል ነገር እንደነበረ ሳትሰማ አትቀርም። ዕቃ የተሰረቀበት ሰው ሲያመለክት፣ ለአንድ ታዳጊ ልጅ አእምሮን የሚያስት መድኃኒት ይሰጡታል፤ ወገቡን በመቀነት ወይም በገመድ ይዘው ይለቁታል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ ከአንድ ቤት ደጃፍ ሲወድቅ፣ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። ልጁ አልጠየቀም፣ አልመረመረም፣ አላየም። ወደቀ እንጂ። ሕዝቡ ግን መውደቁን እንደ ማስረጃ ቆጠረው። እኔም በዚያ ቀን ያደረግሁት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ምድጃዬ ተንገዳግዶ እናቴ በቆመችበት ቦታ ወደቀ፤ ፍርዱም ተሰጠ።

ይህንን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ምድጃ ጥገና ለማስተማር አይደለም፤ ሙያውም የለኝም። በዚህ ገጽ የምንገናኝ ሰዎች ስለ ንባብ ብዙ እናወራለን። እኔ ግን በዕድሜዬ ካየኋቸው ጠንቃቃ አንባቢዎች አንዱን ያገኘሁት መጽሐፍ ሲያነቡ ሳይሆን የተበላሸ ምድጃ ሲመረምሩ ነው። ስለዚህ ያየሁትን በቅደም ተከተል ልንገርህ።

ከሙት ዓመቱ በኋላ ሁለት ባለሙያዎችን በስልክ አነጋገርኩ። የመጀመሪያው ገና ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ «ሴንሰሩ ነው» አለኝ። ሴንሰር ገዝቼ በገዛ እጄ ቀየርኩ። ምድጃው ሃያ ደቂቃ ሠራና ያንኑ ምልክት አሳየኝ። ሁለተኛው ደግሞ ይህንን ሲሰማ «እንግዲያው ቦርዱ ነው። የቦርዱ ዋጋ የአዲስ ምድጃ ዋጋ እኩሌታ ነውና አዲስ ብትገዛ ይሻልሃል» አለ። እንግዲህ ሦስት ፍርዶች ተሰጡ ማለት ነው፤ በእናቴ ላይ፣ በሴንሰሩ ላይ፣ በቦርዱ ላይ። ከፈራጆቹ ግን አንዱም አልመረመረም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

በአንድ ሕንፃ የምንኖር አንድ አዛውንት አሉ። ቀድሞ አዲስ አበባ ሬድዮና ቴሌቪዥን ይጠግኑ ነበር። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። አሳንሰሩ ውስጥ ነገሩን ባጫውታቸው «አዲስ ከመግዛትህ በፊት እስኪ ልየው» አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ መልቲሜትር፣ አንድ ማጉያ መነጽርና የብየዳ ካውያ በፌስታል ይዘው መጡ።

ወንበር ላይ ተቀመጡና ምድጃውን ሳይነኩ ጠየቁ። ስንት ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚጮኸው? ሲቀዘቅዝ ምልክቱ ይጠፋል? የላይኛው እሳት ብቻ ሲበራስ? ከዚያ በፊት መብራት ሄዶ ተመልሶ ነበር? ለእያንዳንዱ መልስ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ አስተያየት አይሰጡም። እኔ ትዕግሥቴ አልቆ «ጋሼ፣ ቦርዱ ነው እንግዲህ?» ስላቸው «ገና ምን አይተን ልጄ» አሉ።

ቀጥሎ ኃይሉን ከማከፋፈያው ሳጥን አስጠፉኝ። ማጥፋቴን ግን በቃሌ አላመኑም። ምድጃውን ከግድግዳው ስበን መሰኪያውን ነቀልን፤ እርሳቸውም በመልቲሜትር ሁለት ጊዜ ለክተው ምንም ኃይል አለመኖሩን አረጋገጡ። እዚህ አገር ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ በ240 ቮልት የሚሠራ ነው፤ ለስህተት ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። «ከዚህ በፊት የቸኮሉ ጓደኞች ነበሩኝ» አሉ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

የጀርባውን ክዳን ሲፈቱ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። እኔ ያ ወረቀት እዚያ መኖሩን በስምንት ዓመት ውስጥ አላወቅሁም። ለካ የብዙዎቹ የአሜሪካ ምድጃዎች ሠሪዎች የሽቦውን ካርታ፣ የምልክቶቹን ትርጉምና መለካት ያለበትን ቁጥር ሁሉ ጽፈው፣ ባለቤቱ ሳይሆን ጠጋኙ እንዲያገኘው፣ ከዕቃው ሆድ ውስጥ ይደብቁታል። «ይኸውልህ፣ መጽሐፉ ሆዱ ውስጥ ነው ያለው። መጽሐፉን ሳያነብ የሚፈርድ ዳኛ ግን ብዙ ነው» አሉኝ።

በወረቀቱ መሠረት «ኤፍ 3» ማለት «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ማለት አልነበረም። በሴንሰሩ መስመር ላይ የተቋረጠ ነገር አለ ማለት ነበር። ልዩነቱን ለመረዳት የዕቃውን አሠራር ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

የድሮው ምድጃ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ፈሳሽ በያዘች ትንሽ የብረት ቋት ነበር። ፈሳሹ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ በቀጭን ቱቦ አልፎ ማብሪያ ማጥፊያውን ይገፋል፤ እሳቱ ይጠፋል። የዛሬው ምድጃ ግን በምስክርና በዳኛ ይሠራል። ምስክሩ ሴንሰሩ ነው፤ ከምድጃው ውስጥ እንደ እርሳስ የምትወጣ፣ በውስጧ ፕላቲነም ያለባት ቀጭን ዘንግ ነች። ሙቀት ሲጨምር ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሟ ይጨምራል። በ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1,080 ኦም ያህል ትሆናለች፤ ዳቦ በሚጋገርበት በ177 ዲግሪ ደግሞ ወደ 1,650 ኦም ግድም ትደርሳለች። ዳኛው ቦርዱ ነው። ቁጥሩን ተቀብሎ ወደ ሙቀት ይተረጉማል፤ ከዚያም ሪሌይ በሚባሉት ማብሪያ ማጥፊያዎቹ የእሳቱን ሬዚስታንስ ያበራል፣ ያጠፋል። በሁለቱ መካከል ሽቦ አለ። ቁጥሩ ከአእምሮ ውጪ ሲሆን፣ ወይም ጭራሹን ሳይሰማ ሲቀር፣ ቦርዱ ሙቀቱን ሳያውቅ ማንደድ አደጋ ነውና እሳቱን ቆርጦ ይጮኻል። ጩኸቱ «አልሰማሁም» የሚል ነው። ማን ዝም እንዳለ ግን አይናገርም። ምስክሩ ዲዳ ሆኖ ይሆናል፤ መንገዱ ተዘግቶ ይሆናል፤ ዳኛው ራሱ ደንቁሮ ይሆናል።

ጋሼ እነዚህን ሦስቱን አንድ በአንድ ለዩአቸው። መጀመሪያ የሴንሰሩን ሽቦ ከቦርዱ ላይ ነቅለው፣ በዚያው በሽቦው ጫፍ በኩል ለኩ። እዚያ መለካታቸው ዘንጓንና ሽቦውን አንድ ላይ ለመፈተን ነበር። መልቲሜትሩ 1,083 አለ። ሽቦውን ከዳር እስከ ዳር እየወዘወዙ ቢያዩት ቁጥሩ አልዘለለም። እኔ «እንግዲህ ነጻ ወጡ» ስል እርሳቸው «በብርድ ጊዜ ጤነኛ ናቸው፤ ሕመሙ ግን ሲሞቅ ነው የሚነሳው። ሕመምተኛውን ሕመሙ በሚነሳበት ሰዓት ነው ማየት» አሉ።

ከኪሳቸው የስንዴ ፍሬ የምታህል 1,100 ኦም የሆነች ሬዚስተር አውጥተው በሴንሰሩ ምትክ ከቦርዱ ጋር አገናኟት። በዚህች ፍሬ ቦርዱ ምድጃው 26 ዲግሪ ገደማ ላይ እንዳለ ያምናል። ሙቀትም ቢመጣ ብርድም ቢመጣ ያው ነው፤ ቃሏን የማትለውጥ ምስክር ነች። ይህን ሲያደርጉ ግን የእሳቱን ቁልፍ እንዳልነካ አጥብቀው አስጠነቀቁኝ፤ ቦርዱ ምድጃው ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ስለሚያምን ማንደዱን አያቆምም። ሰሌዳው ብቻ በራ። ሁላችንንም ከኋላ አርቀው፣ በባለቤቴ የፀጉር ማድረቂያ ከሩቁ ቦርዱን ያሞቁት ጀመር።

አራት ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ ያ የማውቀው ጩኸት መጣ፤ «ኤፍ 3»። ሴንሰሩ ተነቅሏል፣ ሽቦው ተነቅሏል፣ ምድጃው ቀዝቃዛ ነው። የቀረው ዳኛው ብቻ ነው። ሁለተኛው ባለሙያ በስልክ የተናገረው ቃል እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ቦርዱ ነበር። ሆኖም ያ ሰው የተናገረው ግምት ነው፤ ይህ ግን ዕውቀት ነው። ሁለቱ በቃል ቢመሳሰሉም በውጤት እንደማይመሳሰሉ ወዲያው አየሁ።

ኃይሉ ዳግመኛ ጠፋ፤ መሰኪያውም ተነቀለ፤ ቦርዱ ወጣ። ጋሼ በማጉያው ጥቂት ካዩ በኋላ መነጽሩን ሰጡኝ። የሴንሰሩ መሰኪያ ከቦርዱ ጋር በተበየደበት እግር ዙሪያ፣ ከፀጉር የቀጠነ ክብ ስንጥቅ ይታያል። ቦርዱ፣ መዳቡና የብየዳው ቆርቆሮ ሲሞቁ የሚለጠጡት እኩል አይደለም። ምድጃው በነደደና በቀዘቀዘ ቁጥር አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል፤ ከሺህ ጊዜ በኋላ ብየዳው ይሰነጠቃል። ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ ይነካካል፤ ሲሞቅ ይከፈታል። የሃያ ደቂቃው ምስጢር ይኸው ነበር። ካውያውን አግለው፣ ጥቂት ቆርቆሮ ጨምረው እንደገና በየዱት፤ ሥራው አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከዚያም ያንኑ የፀጉር ማድረቂያ ፈተና ደገሙት፤ አሥር ደቂቃ ቢያሞቁት ምልክቱ አልመጣም። ያኔ ብቻ ነው «አሁን ድኗል» ያሉት።

አንድ ጥያቄ ግን በጉሮሮዬ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ የውሃ እንፋሎት ይሆን እንዲህ ያደረገው?» አልኳቸው። ቦርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። «ውሃ ገብቶ ቢሆን ዝገት፣ ወይም አረንጓዴና ነጭ ሽበት ይተው ነበር፤ የለም። የስንጥቁን ከንፈር ደግሞ እየው፤ ጠቁሯል፣ ደብዝዟል፤ አዲስ ስብራት ያብረቀርቃል። ይህ የዓመታት ሥራ ነው። እናትህ ከመጡ ስንት ጊዜ ሆናቸው?» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገሩም፤ እኔም መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። ከጥገና በፊት ምርመራ ግዴታ ነው፤ ምርመራ ማለትም ምልክቱን እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ አቤቱታ መቀበል ነው። ቀድሞ በአገራችን ከሌባሻይ ሌላ አውጫጭኝ ነበር። የአገሩ ሰው ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ እየተጠየቀ፣ ነገሩ እስኪወጣ የሚቀመጡበት ሸንጎ ነበር። ያም የራሱ ግድፈት ነበረበት፤ ቢያንስ ግን ሳይጠይቅ አይፈርድም። ጋሼ በማዕድ ቤቴ ያደረጉት አውጫጭኝ ነው። ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ አስቀመጡ፤ እያንዳንዱን ለብቻው ጠየቁ፤ ነጻ የሆነውን ነጻ አወጡ፤ በመጨረሻም ጥፋተኛውን ሙሉ ቦርድ ብለው ሳይሆን አንዲት የብየዳ ነጥብ ብለው ለዩ። አጣርቶ የሚመረምር ሰው በጥቂቱ ይፈርዳል። የማይመረምር ሰው ደግሞ ሙሉውን ይጥላል።

«ጊዜ ገንዘብ በሆነበት አገር ለአንድ ምድጃ ሦስት ሰዓት የሚሰጥ ማን ነው?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። የባለሙያው የሦስት ሰዓት ደመወዝ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ተቃጥሎ የከሰለና ምንም ብየዳ የማይመልሰው ቦርድም አለ። ሙያው የሌለውም ሰው፣ እንደኔ ያለው ማለቴ ነው፣ ክዳን ፈትቶ እጁን ቢሰድ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በተለይ ማይክሮዌቭ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም የሚገድል ኃይል በውስጡ ሊያቆይ ስለሚችል ለባለሙያ መተው ነው። እኔም ሁሉም ሰው ካውያ ያንሳ አላልኩም። እኔ ያልኩት፣ ያልመረመረ ሰው «አላውቅም» ይበል፣ «ቦርዱ ነው» አይበል ነው። «አላውቅም» ማለት ጊዜ አይፈጅም።

ነገሩ ደግሞ የግለሰብ ጠባይ ብቻ አይደለም። ዕቃዎቹ ራሳቸው እንዳይመረመሩ ሆነው ሲሠሩ፣ መለዋወጫው ሲጠፋ፣ ወረቀቱ ሲደበቅ፣ ጠጋኙ ሳይወድ ፈራጅ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ ለማቀዝቀዣ 7 ዓመት፣ ለልብስና ለሳህን ማጠቢያ 10 ዓመት መለዋወጫ እንዲቀርብ ደንግጓል፤ የዳቦ ምድጃ ግን በዚያ ዝርዝር አልተካተተም። በዚህ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀችው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የጅምላ ዋጋቸው 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆኑ የቤት መገልገያዎች፣ ዓይነቱ መመረት ካቆመ በኋላ ቢያንስ ለ7 ዓመት መለዋወጫ፣ መሣሪያና የጥገና ጽሑፍ እንዲቀርብ ያዛል። የጥገና ጽሑፍ! ከምድጃ ሆድ የወጣችው ያች ወረቀት በሕግ መብት ሆነች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጥላለች፤ በወጉ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩቡ ያነሰ ነው። ከዚያ ክምር ውስጥ በአንዲት የብየዳ ነጥብ የተነሳ የተጣለው ምን ያህል ይሆን? ምናለሽ ተራ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ የድሃ ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳኛል። እዚያ ያለ ሰው ዕቃን ከመጣሉ በፊት ይፈታዋል፤ ከፈታው በኋላም የትኛው ክፍሉ በሕይወት እንዳለ ያውቃል።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችስ? በአንድ ስንኝ ገጣሚን፣ በአንድ ምዕራፍ ደራሲን፣ በአንድ ቃል ሰውን ስንጥል ስንት ጊዜያችን ነው? «ያረጀ ነው»፣ «የተኮረጀ ነው»፣ «አልገባኝም፣ ስለዚህ ባዶ ነው» እንላለን። ያልሰማነው መጽሐፉ ስላልተናገረ ነው ወይስ የእኛ ጆሮ ላይ ስንጥቅ ስላለ? አብዛኛውን ጊዜ ፈተናውን ሳናደርግ ነው የምንወስነው። እኔ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ይህንን ጥያቄ ራሴን ሳልጠይቅ አስተያየት ለመጻፍ እፈራለሁ።

ጋሼ ገንዘብ አልተቀበሉኝም። «የእናትህን ዳቦ ስትቆርሱ ጥሩኝ» ብለው ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ሄዱ። ያን ማታ እናቴን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ስንጥቁ የት እንደነበረ፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ሁሉ ነገርኳት። «ይሁን ልጄ፣ የተበላሸ ዕቃ ነው የተናገርከው እንጂ እኔን መች ተናገርከኝ» አለችኝ። እውነቱ ግን ሌላ እንደነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

በሳምንቱ ድፎ ጋገረች። ሊጡን በቅጠል ጠቅልላ ከምድጃው ፊት ከቆመች በኋላ ትሪውን በእጇ ይዛ ዘወር አለችና «ውሃውን ላስገባው ወይስ ይቅር?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ዳቦ መጋገርን ያስተማረችን እናቴ ናት የጠየቀችኝ። «አስገቢ እማዬ፣ ምንም አይሆንም» አልኳት። ጥቂት አሰበችና ትሪውን መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

ጋሼም መጡ፤ ዳቦው ተቆረሰ። ውስጡ በወጉ በስሏል። ቅርፊቱ ግን ትንሽ ደርቆ ነበር።